«እርጅና ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ አእምሮንና የማስታወስ አቅምን የመጠበቂያ ዝርዝር መመሪያ

ሰው መርሳት ሲያበዛ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል፣ ወይ ከፋርማሲ «ለጭንቅላት የሚሆን» ቫይታሚን ይገዛል። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ቫይታሚኑ መስኮት ላይ አቧራ ለበሰ። የእናቴ ችግር ግን ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ደረጃ 3 ላይ እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምን እንደሚጠቅም ስለማያውቅ አይደለም። ከመጨረሻው ስለሚጀምር ነው። ግፊቱ 170 የሆነ ሰው ቀኑን ሙሉ ገበጣ ቢጫወት የአንጎሉ ደም ሥር አይድንም። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ፣ ግን ልንቀንሳቸው የምንችል 14 ነገሮችን ዘርዝሯል። እነሱን ማስወገድ ቢቻል በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል። ግፊት፣ ስኳር፣ ጆሮ፣ ዓይን፣ መጠጥ፣ ብቸኝነትና የጭንቅላት ጉዳት እዚያ ውስጥ አሉ። የቀረው ከዕድሜ፣ ከዘርና ገና በደንብ ካልታወቁ ነገሮች ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሁሉንም አድርጎም የሚታመም ሰው አለ፤ ያ የማንም ጥፋት አይደለም።

ከ40 ዓመት በላይ ከሆናችሁ ለራሳችሁ አድርጉት። ወላጅ የምትጦሩ ከሆነ ለእነሱ። ደረጃዎቹን አትዝለሉ፤ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ለመጀመርም አትሞክሩ። ሦስት ወር ያህል ይፈጃል።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ

- አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ የተጻፈ ይጠፋል፤ ደብተር ግን ሐኪሙ ፊት ይዘረጋል።
- ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ተዉት፤ ቶሎ ይሳሳታል። ዋጋው ከከበዳችሁ ሦስት አራት ጎረቤት አዋጥታችሁ ግዙ፤ በየቀኑ ሁሉም ሰው አይፈልገውም።
- የታደሰ የጤና መድህን ደብተር። ካልታደሰ ከዚህ ጀምሩ።
- አንድ ኃላፊ። «ተራ በተራ እንከታተላታለን» የሚሉ አራት ልጆች ያሏት እናት ማንም የማይከታተላት እናት ናት። አንድ ሰው ምረጡ፤ ሌላው ይርዳ።

ደረጃ 1፦ መነሻውን ጻፉ (1ኛ ሳምንት)

1. ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቀኑን ጻፉ።
2. ሰውየው ወይም ሴትየዋ ከዓመት በፊት ብቻቸውን ይሠሩት የነበረውን አሥር ነገር ዘርዝሩ። ገበያ ሄዶ መልስ መቁጠር፣ ወጥ መሥራት፣ የእድር መዋጮ ማስታወስ፣ ስልክ መደወል፣ ከቤተ ክርስቲያን ብቻቸውን መመለስ።
3. ከእያንዳንዱ አጠገብ «እንደ ድሮው»፣ «በእርዳታ» ወይም «ቀርቷል» በሉ።
4. ለሰባት ቀን ያስገረማችሁን እርሳታ ከነሰዓቱ መዝግቡ።

የትኛው እርሳታ ያሳስባል? የእንግዳ ስም ጠፍቶባቸው ከሰዓት በኋላ ትዝ ካላቸው ያ የማንኛችንም ነው። መነጽራቸውን ቢያጡም እንደዚያው። የሚያሳስበው ከራሳቸው የድሮ ልማድ መውጣታቸው ነው። ሰላሳ ዓመት በተመላለሱበት መንገድ መጥፋት፣ ያንኑ ጥያቄ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አራቴ መጠየቅ፣ ወጡን ሁለቴ ጨው መጨመር። እኛ አገር ደግሞ አንድ ጥሩ ምልክት አለ። ቀን በወረቀት የማይቆጥሩ፣ ግን «ዛሬ ሚካኤል ነው፣ የዛሬ ሳምንት ገብርኤል» ብለው ሲያስታውሱን የኖሩ እናቶች ናቸው ያሉን። እንዲህ ያለችው ሴት በዓላቱን ማምታታት ከጀመረች ጻፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ በልጅ ልጆች ፊት አትፈትኗቸው። «ይሄ ማነው? ንገሪኝ እስኪ» ማለት ምርመራ አይደለም፤ ማዋረድ ነው። የሚፈሩ ሰዎች ደግሞ እርሳታቸውን መደበቅ ይጀምራሉ፤ ከዚያ ደብተሩ ዋጋ የለውም።

ደረጃ 2፦ ግፊቱን በትክክል ለኩ (2ኛ ሳምንት)

ረጅሙ ደረጃ ይሄ ነው፤ በብዛት የሚበላሸውም እዚህ ነው። ከፍተኛ ግፊት የአንጎልን ቀጫጭን ደም ሥሮች ቀስ በቀስ ያበላሻል። አያምም። ሰውየው «ምንም አልሆንኩም» እያለ ዓመታት ያልፋሉ።

እኛ ባለንበት ደብረ ብርሃን ላይ ክንድ ማራቆት ትልቅ ጉዳይ ነው። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ ሁሉም ሰው በሹራብ ላይ ያስለካል፣ ወይም እጅጌውን ጠቅልሎ ክንዱ ላይ እንደ ገመድ ያስራል። ሁለቱም ቁጥሩን ያዛባሉ። ብርዱ ራሱም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ክፍሉን አሙቁ፣ ጋቢውን ትከሻ ላይ አድርጉ፣ አንዱን ክንድ ብቻ ከልብስ አውጡ።

1. ከመለካታችሁ 30 ደቂቃ በፊት ቡና፣ ሲጋራ፣ ጫት የለም። ዳገት ወጥታችሁ እንደገባችሁ አትለኩ።
2. ሽንት ቤት ሂዱ። የያዛችሁት ሽንት ግፊት ይጨምራል።
3. መደገፊያ ባለው ወንበር ተቀመጡ። ዱካ ላይ አይሆንም። እግር መሬት ይንካ፤ አትደራርቡት።
4. አምስት ደቂቃ ዝም በሉ።
5. ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትይዩ አሳርፉ። መለኪያውን ባዶ ክንድ ላይ፣ ከክርን ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ።
6. እየለካ ሳለ አታውሩ። «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ለሚል ጎረቤት እንኳ መልስ አትስጡ።
7. አንድ ደቂቃ ጠብቁና ድገሙት። ሁለቱንም ጻፉ።
8. ይህንን ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን አድርጉ። የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ጣሉት፣ የቀረውን አማካይ አውጡ።

ቤት የተለካው አማካይ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደብተሩን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጤና ጣቢያ ሲለካ መስመሩ 140/90 ነው። እዚያው ስኳር አስመርምሩ። ጠዋት ሳትበሉ የተለካ ስኳር 126 ከሆነ ወይም ካለፈ በሌላ ቀን ይደገማል።

*ቁጥሩ 180/120 ቢሆንስ?* አትደንግጡ። አምስት ደቂቃ አርፋችሁ ድገሙት። ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከባድ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ የዓይን ብዥታ ወይም የእጅ መዛል ካለ ግን ጊዜ አትስጡት፤ አምቡላንስ ጥሩ።

*ክኒኑ ከተጀመረ በኋላ*

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ሁለት ወር ይወስዳል፣ ግፊቱ 125 ይሆናል፣ «ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል። 125 የሆነው ክኒኑ ስላለ ነው። ጋቢ ሲያሞቅህ ብርዱ አልቋል ብለህ አታወልቀውም አይደል?

- ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግዙ። ለቅሶ ወይም ክርስትና ብላችሁ ወደ አገር ስትወጡ የአሥር ቀን ይዛችሁ ውጡ።
- በጾም ወቅት «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልቀምስም» ብሎ ክኒን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ጾም ሳይገባ ሐኪሙን ሰዓት አስቀይሩ። በቀን አንዴ የሚወሰድ ብዙውን ጊዜ ወደ ማታ ይዛወራል። የሚያሸና ዓይነት ከሆነ ግን ሌሊት ያስነሳል፤ በጨለማ መነሳት ደግሞ መውደቅ ያመጣል። ስለዚህ ራሳችሁ አትወስኑ። ለንስሐ አባትም ንገሯቸው፤ የታመመን ሰው ጉዳይ ያውቁታል።
- ጠበል የሚሄዱ ከሆነ ክኒኑ አብሯቸው ይሂድ።
- ሲነሱ ካዞራቸው አታቁሙ። ቁጭ ብለውም ቆመውም ለኩና ሁለቱን ቁጥር ለሐኪሙ አሳዩ። መጠኑ ሊቀነስ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ጆሮና ዓይን (3ኛና 4ኛ ሳምንት)

እናቴን ከመንዝ ያመጣናት ጊዜ ነገሯ ሁሉ ተለዋውጦብን ነበር። ሰው ሲያወራ ዝም ትላለች። አንድ ቀን «ምሳ በላሽ?» ስላት «አዎ፣ ጠዋት አካፍቷል» አለችኝ። ወንድሜና እኔ ተያየን። በቃ፣ ዞረባት አልን። የወሰድናት ክሊኒክም ጆሮዋን ሳያይ ቫይታሚን ጽፎ ሰደደን። ከወራት በኋላ በሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ስንሄድ አንዲት ነርስ በባትሪ ጆሮዋን አየችና ሳቀች። «እማማ፣ እዚህ ውስጥ ምን ዘርተው ነው?» ከሁለቱም ጆሮዋ የደረቀ ባቄላ የሚያህል ጥቁር ኩክ ወጣ። ማታ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ቀና ብላ «ዘነበ እንዴ?» አለች። እኔ ገና አልሰማሁም ነበር።

የማይሰማ ሰው የተባለውን «አይረሳም»፤ መጀመሪያውኑ አልደረሰውም። አንጎሉ ድምፁን ለመገመት ሲለፋ ለማስታወስ የሚተርፈው ያንሳል። ከጨዋታ ይርቃል፤ መራቁ ደግሞ ይብሱን ይጎዳዋል።

1. ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ጆሮውን በባትሪ አሳዩ። «ኩክ አለ ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።
2. ኩክ ካለና ደርቆ ካስቸገረ ለብ ያለ የምግብ ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ፣ ማታ ማታ፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን አድርጉ። ከዚያ በባለሙያ ይታጠብ።
3. ጆሮው የሚመግል፣ የሚያም ወይም ታምቡሩ ድሮ የተበሳ ከሆነ ምንም አታንጠባጥቡ።
4. ክብሪት፣ ቁልፍ፣ የዶሮ ላባ ጆሮ ውስጥ አታስገቡ። ኩኩን ወደ ውስጥ ትጠቀጥቁታላችሁ።
5. ኩክ ከሌለ ወይም ታጥቦም ካልሰማ ደብረ ብርሃን ሪፈራል ሆስፒታል የጆሮ ምርመራ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። መስሚያ መሣሪያ ከታዘዘ መጀመሪያ በቀን አንድ ሰዓት፣ ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ ያለማምዱ። በመጀመሪያው ቀን ገበያ አድርገውት ከሄዱ ጫጫታው ያስመርራቸዋል፤ ሁለተኛ አይነኩትም።

እስከዚያው ስታናግሩ አትጩኹ። ፊት ለፊት፣ ብርሃን ባለበት፣ ቀስ ብላችሁ፣ ድምፃችሁን ወፈር አድርጋችሁ ተናገሩ። ከጓዳ ሆኖ መጣራት አይሠራም።

ዓይን አጭር ነው። አንድ ዓይን እየሸፈናችሁ በር ላይ ቆማችሁ ጣት አስቆጥሩ። ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ ሞራ ሊሆን ይችላል። በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ኦፕራሲዮኑ ራሱ አጭር ነው። «እስኪበስል ይቆይ» የሚለውን ተዉት። የንባብ መነጽር ብቻ የሚያስፈልገው ሰውም ብዙ ነው፤ ዳዊቱን አጥፎ ያስቀመጠው ፊደሉ ጠፍቶበት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ መድኃኒቱን ሁሉ በፌስታል (5ኛ ሳምንት)

1. ቤት ያለውን ክኒን፣ ሽሮፕ፣ መርፌ፣ ከዘመድ የተላከውን ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስቡ። የአገር መድኃኒቱም ይግባ።
2. ፌስታሉን ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያው ዘርግፉለትና «ከዚህ ውስጥ አእምሮ የሚያደነዝዝ የትኛው ነው?» በሉት።
3. በተለይ እነዚህን አሳዩ፦ የእንቅልፍና የጭንቀት ክኒን (ዳያዜፓም)፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚሰጡት ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን። በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ መርሳትና መደናገር ያመጣሉ።
4. ዳያዜፓም ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት አያቁም። የሚጥል ነገር ሊያመጣ ይችላል፤ በሐኪም ቀስ እየተባለ ይቀነሳል።

በዚሁ ቀን ሦስት ነገር ይታይልን በሉ። የመጀመሪያው ቫይታሚን ቢ12 ነው። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ የዓመቱን ግማሽ የምትጾም፣ በፍስክም ጮማ የማትነካ እናት ሊያንሳት ይችላል። ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰውም እንዲሁ። እጥረቱ ከተገኘ የሚታከም ነው። ቅድም ቫይታሚንን አጣጥዬ ነበር። በምርመራ ያነሰ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የኔ ጠብ ሳይለኩ ከመግዛት ጋር ነው። ሁለተኛው የእንቅርት ዕጢ ሥራ፣ ታይሮይድ ነው። ሦስተኛው ድብርት። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ዝም ያሉ፣ ምግብ ያስጠላቸው፣ «ምን ሊሠራልኝ» የሚሉ ሰው መርሳት የመሰለውን ነገር ሊያሳዩ ይችላሉ። ድብርት ይታከማል።

ደረጃ 5፦ ጨውና ዘይት (6ኛ ሳምንት)

«ጨው ቀንሱ» የሚለው ምክር የማይሠራው ማንም ስለማይለካ ነው። እንዲህ ለኩ፦ የአንድ ሰው የቀን ጨው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ። አምስት ሰው ላለበት ቤት ለሳምንት ቢበዛ 175 ግራም ይመጣል። ሩብ ኪሎ እንኳ አይሞላም። እሑድ እሑድ ይህንን በአንድ ብልቃጥ ቀንሱና ትልቁን ላስቲክ ደብቁ። ብልቃጡ ሐሙስ ካለቀ ችግሩ የት እንዳለ አወቃችሁ። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ቀድሞ ጨው የገባበት ከሆነ ብልቃጡን በዚያው ልክ አሳንሱ፤ ብዙ ቤት ጨው ሁለት ጊዜ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ጊዜ ከቀነሳችሁ ግን ቤቱ ያምፃል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሱ፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ክፍተቱን ይሸፍናሉ።

ዘይቱን ለማወቅ ደብረ ብርሃን ላይ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ማታ መስኮት ላይ አሳድሩት። ጠዋት እንደ ሞራ ነጭ ሆኖ ከረጋ አብዛኛውን ጊዜ ፓልም ነው፤ በኮሌስትሮል በኩል ጥሩ አይደለም። ፈሳሽ የሚቆየውን የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ያዙ፤ እሱንም በልክ።

ሌላው አገራችን ላይ አለ፦ ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽንብራ፣ የገብስ ቆሎ፣ በሶ። በሶውን በስኳር አትበጥብጡት። ጥርስ የሌላቸው ሰዎች ቆሎውን ትተው ነጭ ዳቦና ጣፋጭ ሻይ ላይ ይቀራሉ፤ ለእነሱ ቂንጬ ሥሩላቸው።

ደረጃ 6፦ እግር (7ኛ ሳምንት)

ይህን ደረጃ እኔ ራሴ አበላሽቼዋለሁ። እናቴ መንዝ ሳለች ውሃ ትቀዳለች፣ በግ ትመልሳለች፣ ኩበት ትለቅማለች፣ ለማኅበር ሁለት ሰዓት ትሄዳለች። ከተማ ስናመጣት «ትረፍ» ብለን ሶፋ ላይ አስቀመጥናት፤ ሻይዋን እንኳ እናቀርብላታለን። ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ። በስድስት ወር እግሯ ሰለለ፣ ወሬዋም አነሰ። ፍቅር መስሎን ነው።

ልኩ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፤ ለምሳሌ በቀን 30 ደቂቃ፣ አምስት ቀን። ፍጥነቱ ማውራት የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅታችሁ ዓይነት ይሁን።

1. በ10 ደቂቃ ጀምሩ፤ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ጨምሩ።
2. ውርጩ ከለቀቀ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ውጡ።
3. ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር ሄደው በባጃጅ ይመለሱ። ዳገቱ በየት በኩል እንደሆነ አይታችሁ ገልብጡት።
4. የደረት ሕመም ወይም ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ አቁሙና ታከሙ።

ሥራም መልሱላቸው። ሱፍ ይፍተሉ፣ ምስር ይልቀሙ፣ ጓሮ ጎመን ይትከሉ። ቀርፋፋ ቢሆኑም ከእጃቸው አትንጠቁ።

ደረጃ 7፦ ሰውና አዲስ ነገር (8ኛና 9ኛ ሳምንት)

ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ እድር፣ የቡና ጎረቤት። ከአገር የመጣ አዛውንት እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ያጣቸዋል። አዲሱ ሰፈር ውስጥ ማኅበር አስገቧቸው፤ ጠበል ጻዲቁ ቤታችሁ እንዲወጣ ተቀበሉ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ከቤተሰብ ውጪ ሰው ጋር ይቀመጡ። ቴሌቪዥን ሰው አይደለም።

ዳዊት በቃል መድገም ደስ ይላል፣ ልብም ያሳርፋል። ግን አርባ ዓመት የተሄደበት መንገድ ነው፤ አእምሮ አዲስ መንገድም ይፈልጋል። አንድ ነገር ምረጡ፦ ስልክ ላይ ምስል ያለበት ጥሪ መደወል፣ አዲስ መዝሙር፣ ፊደል ያልቆጠሩ ከሆነ ፊደል።

የአዲስ ጎረቤት ስም ለማስያዝ እንዲህ አድርጉ፦ ስሙን ንገሯቸው፣ ወዲያው ያስተጋቡት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጠይቁ። ከዚያ ከ5 ደቂቃ፣ ከ30 ደቂቃ፣ ማታ፣ በማግሥቱ። ከጠፋባቸው መልሱን ራሳችሁ ንገሩና ወደ ቀደመው ክፍተት ተመለሱ። «አሁን ነገርኩሽ እኮ!» የለም።

ደረጃ 8፦ ሌሊቱ (10ኛ ሳምንት)

ሰባት ስምንት ሰዓት እንቅልፍ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቡና ይቅር። ቀን ከተኙ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። የሚያንኮራፋና መሃል ላይ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ካለ ለሐኪም ንገሩ።

ከሁሉ በላይ ከሰል። ለብርዱ ብላችሁ ምድጃ መኝታ ቤት አታሳድሩ። የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ይገድላል፤ የተረፈው ሰው ላይም የማስታወስ ጉዳት ሊተው ይችላል። ክፍሉን ስታሞቁ መስኮት ገርበብ ይበል፤ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ወደ ደጅ አውጡት። ጠዋት ሁሉም ሰው ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው ውጡና ጤና ተቋም ሂዱ። ወተት እናጠጣ ብላችሁ አትዘግዩ። የሚያስፈልጋቸው ኦክስጅን ነው።

የኩበትና የእንጨት ጭስም ቀስ ብሎ ይጎዳል። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ካልተቻለ ማዕድ ቤቱን በር ከፍታችሁ አብስሉ።

ደረጃ 9፦ አረቄ

«ለብርዱ አንድ መለኪያ» የሚባለውን እዚህ አገር ማንም አያጣውም። አረቄ ለጊዜው ቆዳ ላይ ሙቀት ያመጣል እንጂ ሰውነት ሙቀቱን ያጣል። አእምሮን ግን በእርግጥ ይጎዳል። አልፎ አልፎ የሚጠጣ ሰው ይተው፣ አበቃ። በየቀኑ ጠዋት የሚጀምር ሰው ግን በአንድ ቀን አያቁም። መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ መውደቅ ሊከተል ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ያነጋግር።

ደረጃ 10፦ እንዳይወድቁ

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ለመርሳት በሽታ ይጋለጣል። ለኪዳን በሌሊት ሲወጡ ባትሪና ምርኩዝ ይያዙ። የሚያዳልጥ ጫማ ጣሉ። ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ ድንጋይና ባልዲ አይኑር። ሞተር ላይ ያለ ሄልሜት አይሳፈሩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አዛውንት ጭንቅላታቸውን ተመተው ዕለቱን ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ቢደናገሩ፣ ቢተኙ፣ ቢንገዳገዱ በውስጥ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል። «ወድቀው ነበር» ብላችሁ ንገሩ፤ ካልነገራችሁ ሐኪሙ አያውቅም።

ቀን የማይሰጡ ምልክቶች

- *ፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ መዛል፣ ንግግር መኮላተፍ።* ስትሮክ ነው ብላችሁ ተነሱ። «ምች ነው» ብላችሁ ዳማ ከሴ አትፈልጉ። በአፍ ምንም አትስጡ፤ ውሃም ክኒንም። የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ምልክቱ በአሥር ደቂቃ ቢጠፋም ሂዱ።
- *ትናንት ደህና የነበሩ ዛሬ በድንገት ሰው አለማወቅ፣ መቃዠት፣ ሌሊት መነሳት።* የመርሳት በሽታ በአንድ ቀን አይመጣም። ብዙውን ጊዜ የሳንባ ወይም የሽንት ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ ወይም አዲስ መድኃኒት ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ትኩሳት ላያሳይ ይችላል። የስኳር ታማሚ ከሆኑና መዋጥ ከቻሉ ስኳር የበዛበት ውሃ ስጧቸውና በዚያው ቀን ውሰዷቸው።

በሦስተኛው ወር

ደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ክፈቱ። አሥሩን ነገር በአዲስ ገጽ እንደገና ጻፉ፤ የድሮውን ሳታዩ ሙሉ፣ ከዚያ አወዳድሩ። «በእርዳታ» የነበረው ወደ «ቀርቷል» ከሄደ፣ ግፊቱ ተስተካክሎ፣ ጆሮው ታጥቦ፣ ክኒኑ ተጣርቶም ከሆነ፣ የአእምሮ ወይም የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሪፈር ጻፉልን በሉ። ደብተሩን፣ ፌስታሉንና አብሯቸው የሚኖረውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ለበዓል ብቻ የሚመጣው ልጅ ቢቀር ግድ የለም።